የሞዴል ገጾች አደረጃጀት፤ በንድፍና በፍሬሳ መካከል የተዘነጋ ምዕራፍ

መግቢያ

በባሌ ደጋ ስንዴና ገብስ በኮምባይነር መታጨድ ከጀመረ ረዥም ዘመን አልፏል። በደርግ ዘመን በአካባቢው ከተቋቋሙት የመንግሥት እርሻዎች አንሥቶ በኪራይ እስከሚሠራው የዛሬው ኮምባይነር ድረስ፣ በሲናና፣ በአጋርፋና በጋሠራ ሜዳዎች የመከር ወራት ያለ ሞተር ድምፅ አልፈው አያውቁም። አካባቢው በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች የሚፈራረቁበት በመሆኑ የደረሰ ሰብል ቀን አይሰጥም። አንድ ኮምባይነር የኩሽኔታው መቀመጫ ተሰብሮ ለሦስት ቀን ቢቆም ጉዳቱ የሚለካው በብረቱ ዋጋ ሳይሆን ዝናብ በሚያገኘው እህል ነው። የተሰበረው ክፍል በሮቤ ቶርኖ ቤቶች ሊሠራ የሚችል ከሆነ ችግሩ በዕለቱ ይቃለላል፤ ካልሆነ ግን ባለንብረቱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አዲስ አበባ መፈለግ ይኖርበታል።

ከዚህ የተነሣ እንደ ሮቤና ጎባ ባሉ ከተሞች የሚገኙ ማሠልጠኛዎች በኮምፒዩተር የሚታዘዙ፣ በተለምዶ ሲ ኤን ሲ የሚባሉ ፍሬሳዎችና ቶርኖዎች እንዲኖሯቸው የሚቀርበው ጥያቄ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዕቅድ በሚወጣበት ጊዜ ጐልቶ የሚታየው የመኪናው ብዛትና ዋጋው ነው። በንድፉና በመኪናው መካከል ያለው ሥራ፣ ይኸውም በኮምፒዩተር የተነደፈውን ሞዴል ገጾች ለይቶ፣ ሰይሞና አደራጅቶ ለመቁረጫው መንገድ ማዘጋጀት፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት የሚያልፍ ነገር ተደርጎ ይገመታል። ይህ ግምት ትክክል አይደለም። በመኪናው ላይ ከሚደርሱት ስብራቶችና ከሚባክነው ብረት ከፍ ያለው ድርሻ መነሻው እዚሁ ላይ ነው፤ ትምህርቱም ቢሆን ከሚታሰበው በላይ ለመደበኛው ትምህርት ቤት የቀረበ ነው።

ገጽ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰው የብረት ቅንፍ ሲያይ ቅንፍ ያያል። ኮምፒዩተር የሚያየው ግን በጠርዞች የታጠሩ ገጾችን ነው። ለምሳሌ አንድ የሳሙና ቅርጽ ያለው ሳጥን እንውሰድ። ጠርዞቹ ስል እንደሆኑ ሳጥኑ 6 ገጾች ብቻ አሉት። አሥራ ሁለቱም ጠርዞች በአንድ ዓይነት ሬዲየስ ቢሞረዱ ግን በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ አንድ የሲሊንደር ቍራጭ፣ በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ አንድ የሉል ቍራጭ ይፈጠራል። ስለዚህ ስድስቱ ጠፍጣፋ ገጾች፣ 12 የጠርዝ ገጾችና 8 የማዕዘን ገጾች ተደምረው 26 ይሆናሉ። ይህን ስሌት ማንኛውም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሳሙና ላይ በእጁ እየዳሰሰ ሊያረጋግጠው ይችላል። እንግዲህ ሳሙና 26 ገጾች ካሉት፣ አንድ በቀልጦ መጣል የተሠራ የኮምባይነር ክፍል ብዙ ዐሥርት ገጾች ቢኖሩት አያስገርምም።

እንደ ሳሙናው ከቀላል ቅርጾች ያልተገጣጠሙ፣ እንደ ልብ የሚታጠፉ ገጾችም አሉ። የእነዚህ ሒሳብ የተገኘው ከመኪና ፋብሪካዎች ነው። ፖል ደ ካስትልጆ በሲትሮኤን፣ ፒየር ቤዚዬ ደግሞ በሬኖ ፋብሪካ ሲሠሩ፣ የመኪና አካል ነዳፊዎች በዓይንና በእጅ የሚያወጡትን ጥምዝ በጥቂት ነጥቦች አማካይነት በሒሳብ መግለጽ የሚቻልበትን መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ባለው ጊዜ ውስጥ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ደረሰበት። ዛሬ በንድፍ ሶፍትዌሮች ውስጥ የሚገኙት ጥምዝ ገጾች በአመዛኙ የእነዚህ ሥራዎች ዝርያዎች ናቸው።

ዋናው ነገር ሶፍትዌሩ የገጾቹን ቅርጽ እንጂ ዓላማቸውን የማያውቅ መሆኑ ነው። አንደኛው ገጽ ኩሽኔታ እንደሚገባበት፣ ሌላው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀርና ማንም እንደማይነካው የሚያውቀው ሠራተኛው ነው። ይህን ዕውቀት ወደ ኮምፒዩተሩ የማስተላለፉ ሥራ ነው የገጾች አደረጃጀት የሚባለው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

በቁጥር የሚታዘዝ ፍሬሳ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ብዙም ሳይቆይ ችግሩ መኪናው ሳይሆን ቁጥሩን ማዘጋጀቱ እንደሆነ ታወቀ፤ አንድ ጥምዝ ክፍል ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ነጥቦች በእጅ ማስላት እጅግ አድካሚ ነበር። በዳግላስ ሮስ መሪነት በዚያው ኢንስቲትዩት የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1959 ለሕዝብ የተገለጸው ኤ ፒ ቲ የተሰኘው የትእዛዝ ቋንቋ ለዚህ መልስ ለመስጠት የታሰበ ነበር። ይህ ቋንቋ ለእያንዳንዱ የመቁረጫ እንቅስቃሴ ሦስት ገጾች እንዲጠቀሱለት ይጠይቃል፤ የመቁረጫው ጫፍ የሚያርፍበት ገጽ፣ ጐኑ ተጠግቶት የሚሄድ ገጽና ሲደርስበት የሚቆምበት ገጽ።

በሬ ጠምዶ ያረሰ ወይም ሲታረስ ያየ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገበሬው ማረሻውን ወደ መሬት ሲያስገባ ሦስት ነገር ይወስናል። ማረሻው ምን ያህል ይጥለቅ? የትኛውን ትልም ተጠግቶ ይሂድ? የት ደርሶ ይመለስ? ጥልቀቱን ካልወሰነ ማረሻው ድንጋይ ይነክሳል፤ ያለፈውን ትልም ካልተከተለ ያልታረሰ መሬት ጥሎ ይሄዳል፤ ድንበሩን ካላወቀ የጎረቤቱን ማሳ ያርሳል። በፍሬሳም የሚደርሱት ሦስት ዋና ዋና ጥፋቶች እነዚሁ ናቸው። ዛሬ ያሉት ሶፍትዌሮች ሦስቱን ገጾች በልዩ ልዩ ስም ይጠሯቸዋል፤ አንዳንዶቹም ሁለቱን በራሳቸው ለመገመት ይሞክራሉ። ጥያቄዎቹ ግን አልተለወጡም።

እዚህ ላይ መምህሩ ጊዜ ወስዶ ሊያስረዳው የሚገባ ነጥብ አለ። አንድ ገጽ በአንድ የሥራ ደረጃ ወለል፣ በሌላው ደግሞ ድንበር ሊሆን ይችላል። የጕድጓዱ ግድግዳ፣ ወለሉ በሚፈተግበት ጊዜ የማይነካ ድንበር ነው፤ ቀጥሎ ራሱ በተራው ይፈተጋል። ስለሆነም ገጾችን መመደብ ማለት ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ቋሚ ስም መስጠት ማለት አይደለም። ምድቡ የሚወጣው ለሥራው ደረጃ ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሠልጣኝ ሞዴሉን ለመጀመሪያው ደረጃ ሲል ይቈራርጠውና ለሁለተኛው ደረጃ ሲደርስ የሚመለስበት ያጣል። የመጀመሪያው ሞዴል ምን ጊዜም ሳይነካ በአንድ ቦታ መቀመጥ፣ ምድቦቹም በቅጂው ላይ መሠራት አለባቸው የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ትልምና ሸንተረር

ጥምዝ ገጽ የሚፈተገው በአብዛኛው ጫፉ የግማሽ ሉል ቅርጽ ባለው መቁረጫ ነው። መቁረጫው አንድ ትልም አውጥቶ ጥቂት ወደ ጐን ፈቀቅ በማለት ሌላ ትልም ሲያወጣ፣ በሁለቱ መካከል ቀጭን ሸንተረር ይቀራል። የዚህ ሸንተረር ቁመት ገጹ ልስልስ ወይም ሻካራ መሆኑን ይወስናል።

ቁመቱን ለማስላት ከትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ በላይ አያስፈልግም። በአንድ ክብ ውስጥ ሁለት አውታሮች ሲቋረጡ የአንደኛው ሁለት ክፋዮች ብዜት ከሌላው ሁለት ክፋዮች ብዜት ጋር እኩል ነው። የመቁረጫውን ጫፍ እንደ ክብ ወስደን በሁለት ትልሞች መካከል ያለውን ርቀት አንደኛው አውታር፣ ወደ ላይ የሚሄደውን ዲያሜትር ደግሞ ሌላው አውታር ብናደርግ፣ የርቀቱ ግማሽ በራሱ ሲባዛ የሸንተረሩ ቁመት ከቀሪው ዲያሜትር ጋር ከሚያስገኘው ብዜት ጋር እኩል ይሆናል። ሸንተረሩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ቀሪውን ዲያሜትር እንደ ሙሉ ዲያሜትር መቍጠር ይቻላል። ውጤቱም የርቀቱ ካሬ ለሬዲየሱ 8 እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ሬዲየሱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ መቁረጫ በ0.8 ሚሊ ሜትር ርቀት ቢሄድ፣ 0.64 ለ24 ሲካፈል 0.027 ሚሊ ሜትር ገደማ ያህል ሸንተረር ይቀራል። ርቀቱ በእጥፍ አድጎ 1.6 ቢሆን ሸንተረሩ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ አድጎ 0.11 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የሒሳብ መምህር ለካሬ ዕድገት ከዚህ የተሻለ ተጨባጭ ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም።

ይህ ስሌት ለጠፍጣፋ ቦታ ነው። ገጹ ሲያዘቀዝቅ ነገሩ ይለወጣል። ሶፍትዌሩ የትልሞቹን ርቀት ከላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው በአግድሙ የሚለካ ከሆነ፣ 60 ዲግሪ ባዘቀዘቀ ገጽ ላይ ያለው እውነተኛ ርቀት በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በጠፍጣፋው ቦታ 0.027 የነበረው ሸንተረር በቁልቁለቱ ላይ 0.11 ይሆናል። አንዱ ሞዴል፣ አንዱ መቁረጫ፣ አንዱ ትእዛዝ፤ ገጹ ግን ግማሹ ልስልስ፣ ግማሹ እንደ ሞረድ። ሠልጣኞች በዚህ ጊዜ መኪናውን ወይም መቁረጫውን መውቀሳቸው የተለመደ ነው።

ለቀጥ ያለ ቁልቁለት የሚሻለው ዘዴ፣ በካርታ ላይ እኩል ከፍታን እንደሚያሳዩት መስመሮች፣ መቁረጫው በአንድ ከፍታ ገጹን ዞሮ ጥቂት ዝቅ እያለ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ይህ ዘዴ በበኩሉ በጠፍጣፋ ቦታ ላይ አይሠራም፤ በካርታ ላይ ሜዳ ሲሆን መስመሮቹ እንደሚራራቁ ሁሉ ትልሞቹም ይራራቃሉ። ሁለቱ ዘዴዎች የሚስተካከሉት በ45 ዲግሪ ላይ ነው። በመሆኑም ገጾቹን በዚያ አካባቢ በሁለት መክፈልና ሁለቱ ምድቦች በጥቂት ዲግሪ እንዲደራረቡ ማድረግ የተለመደ አሠራር ሆኗል። መደራረቡ ካልተደረገ በድንበሩ ላይ ጣት የሚሰማው ጠባሳ ይቀራል።

የባሌ ተራሮች በእንጨት

እስከ አሁን የተባለውን ለማስተማር በብረት መጀመር አያስፈልግም፤ ብረት ውድ ነው፣ የተሰበረ መቁረጫም በቀላሉ አይተካም። ለባሌ አካባቢ ማሠልጠኛዎች እጅግ የሚስማማው የልምምድ ሥራ የአካባቢውን የመሬት አቀማመጥ በእንጨት መፈተግ ነው። የሚወጣው ዕቃ ለጂኦግራፊ መምህሩ የትምህርት መርጃ ይሆናል፤ ስለዚህ ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

የከፍታው መረጃ በነጻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤንዴቨር የተባለው የጠፈር መንኰራኵር በራዳር የለካው የምድር ከፍታ በ30 ሜትር ገደማ ርቀት የተዘረጉ ነጥቦች አሉት። በ1 ለ200,000 መጠን ከሮቤ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ቦታ ቢወሰድ ርዝመቱ 300 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የጎባን፣ የሳነቴን አምባና የሐረና ደንን ይይዛል። የታችኛው ወለል 1,500 ሜትር ላይ ቢደረግና ከፍተኛው ጫፍ የቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ 2,877 ሜትር በዚሁ መጠን 14.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ለዓይን ስለሚያንስ ቁመቱን በእጥፍ ማጕላት የተለመደ ነው፤ 28.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማጕላቱ ግን ቁልቁለቱንም ይለውጠዋል። በመሬት ላይ 30 ዲግሪ የሆነ ቁልቁለት በእንጨቱ ላይ 49 ዲግሪ ይሆናል፤ ከለስላሳው ምድብ ወጥቶ ወደ ቀጥ ያለው ምድብ ይገባል ማለት ነው። ምድቡን ከማጕላቱ በፊት ያወጣ ተማሪ እንደገና መጀመር ይኖርበታል።

ከዚህ መረጃ የሚወጣው ሞዴል እንደ ሳሙናው የተለዩ ገጾች የሉትም። ከትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ አንድ ወጥ መረብ ነው፤ ሳነቴ የት እንደሚያልቅና የሐረና ቁልቁለት የት እንደሚጀምር የሚያመለክት ጠርዝ የለበትም። ድንበሩን ማስመር የተማሪው ፈንታ ነው። የልምምዱ ጥቅምም በዚሁ ላይ ነው። ለጂኦግራፊ መምህሩ ሳነቴና የሮቤ ሜዳ የተለያዩ ዓለማት ናቸው፤ በከፍታ 1,500 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ በአንዱ ላይ ስንዴ ይታጨዳል፣ በሌላው ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል። ለመቁረጫው ግን ሁለቱም ጠፍጣፋ ናቸውና በአንድ ዘዴ ይሠራሉ። በአንጻሩ የሳነቴ ጫፍና ከሥሩ ያለው ገደል፣ በካርታ ላይ ቢነካኩም፣ ሁለት የተለያዩ ምድቦች ናቸው። ምድብ የሚወጣው በስም ወይም በጉርብትና ሳይሆን በሚሠራበት ዘዴ መሆኑን ተማሪው በዚህ ይረዳል። ቀጥሎም መቁረጫው ከሮቤ ሜዳ ወደ ሳነቴ እየተነሣና እየወረደ ጊዜ እንዳያባክን፣ ዘዴው አንድ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ተለያይቶ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው እንዲጀመር ያደርጋል።

ሸለቆዎቹ ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። ሬዲየሱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ መቁረጫ በዚህ መጠን በአግድሙ 600 ሜትርን ይወክላል፤ ከዚያ የጠበበ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ሁሉንም በትንሽ መቁረጫ መሥራት የመጀመሪያው ሐሳብ ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን ስሕተት ነው። 300 በ200 ሚሊ ሜትር የሆነ ገጽ በ0.8 ርቀት 250 ትልሞች ይፈልጋል፤ የመንገዱ ርዝመት 75 ሜትር፣ በደቂቃ 1.5 ሜትር ፍጥነት 50 ደቂቃ ነው። በ0.1 ርቀት ግን 2,000 ትልሞችና 600 ሜትር መንገድ፣ ጊዜውም 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቋረጥበት ቦታ ይህን ያህል ረዥም ሥራ መጀመር ራሱ ድፍረት ነው። በዚያም ላይ የመረጃው ነጥቦች በ30 ሜትር ስለሚራራቁ በእንጨቱ ላይ ርቀታቸው 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች የሚቀርብ ትልም የሚፈትገው በመረጃው ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ትክክለኛው መንገድ ትልቁ መቁረጫ ያልደረሰባቸውን ሸለቆዎች ብቻ ለይቶ በአንድ ምድብ ማስቀመጥና ሬዲየሱ 0.5 ሚሊ ሜትር በሆነ መቁረጫ እነርሱን ብቻ መሥራት ነው።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ኤም ዲ ኤፍ የተባለው የታመቀ ሰሌዳ ይበቃል። ኮሶና ጽድ ለዚህ ተብሎ መቈረጥ የለባቸውም፤ ተራራውን ለማስተማር ተራራውን ማራቆት አያስፈልግም።

የኩሽኔታ መቀመጫ ያለው ቅንፍ

ከእንጨቱ ቀጥሎ ወደ ብረት ሲገባ ጥያቄው ይገለበጣል። በእንጨቱ ላይ ገጹ ሁሉ ይፈተጋል። በመለዋወጫ ዕቃ ላይ ግን አብዛኛው ገጽ አይነካም።

የቺንጊያ ማጥበቂያ የያዘ አንድ ቅንፍ በቀልጦ መጣል ከተሠራ፣ ከገጾቹ መካከል መኪናው የሚደርስባቸው ምናልባት አምስት ወይም ስድስት ናቸው፤ ከሻሲው ጋር የሚገጥመው ጠፍጣፋ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹና የኩሽኔታው መቀመጫ። ቁጥሩ 6205 የሆነው የተለመደ ኩሽኔታ የውስጥ ዲያሜትሩ 25፣ የውጭ ዲያሜትሩ 52፣ ውፍረቱም 15 ሚሊ ሜትር ነው። መቀመጫው 52 ሚሊ ሜትር ሆኖ በተለመደው የኤች 7 ልክ ቢሠራ የሚፈቀደው ብልጫ ከ0 እስከ 0.030 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከላይ የተሰላው ሸንተረር በሁለቱም ወገን ሲቈጠር ይህን ብልጫ ብቻውን ይበላዋል። ስለዚህ ይህ ገጽ ከጥምዝ ገጾች ጋር በአንድ ምድብ ውስጥ መግባት የለበትም። በሞዴሉ ላይ ሲታይ ግን እርሱም እንደ ሌሎቹ አንድ ጥምዝ ገጽ ነው፤ ሠልጣኙ ሁሉንም ገጾች በአንድነት መርጦ ትእዛዝ ከሰጠ ሶፍትዌሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ በክብ ጫፍ መቁረጫ እየላገ ያወጣዋል። ኩሽኔታው ይገባል፤ ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ ደግሞ ይላላል።

ለዚህ የሚሆን ትምህርት ያለ ኮምፒዩተር ሊሰጥ ይችላል። መምህሩ ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ክፍልና ሦስት ዓይነት ቀለም ያለው ጠመኔ ይዞ ይገባል። ተማሪዎቹ የሚፈተጉትን ገጾች በአንዱ ቀለም፣ የማይነኩትን በሌላው፣ መለኪያው የሚነሣበትን ገጽ በሦስተኛው ይቀባሉ። ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ በተለይ መጀመሪያ የሚፈተገውና ሌላው ሁሉ ከእርሱ የሚለካው ገጽ የትኛው እንደሆነ። ክፍሉ በሞርሳ ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ ሲጠየቅ ደግሞ ምድቡ እንደገና ይከፈላል፤ በአንድ አያያዝ የሚደረስባቸው ገጾች በአንድ ወገን፣ ክፍሉ ከተገለበጠ በኋላ የሚደረስባቸው በሌላ ወገን ይሆናሉ። በዚህ ዓይነት ሁለት ክፍለ ጊዜ ያሳለፈ ተማሪ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ የሚያደርገውን ያውቃል። ቀለሞቹ በሶፍትዌሩ ውስጥም ያው ቀለሞች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሌላ ቦታ የመጣ ሞዴል

ሠልጣኙ ራሱ የነደፈው ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ችግር የሚያመጣው ከሌላ ሶፍትዌር የተላለፈው ነው። ለዝውውሩ የሚያገለግሉት ሁለቱ የታወቁ መደበኛ አጻጻፎች እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ኢጌስና በ1994 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ስቴፕ ናቸው። አንዱ ሶፍትዌር ሁለት ገጾች ተገናኝተዋል የሚለው ርቀታቸው ከራሱ መለኪያ ሲያንስ ነው፤ ሌላው የጠበበ መለኪያ ካለው በዚያው ቦታ ክፍተት ያያል። ክፍተቱ በዓይን አይታይም፤ መቁረጫው ግን ሊሰምጥበት ይችላል። ተደራርበው የመጡ ገጾች ሁለት ጊዜ ይፈተጋሉ። ከሁሉም የከፋው የገጹ አቅጣጫ ሲገለበጥ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ውጭና ውስጥ አለው፤ አንዱ ገጽ ተገልብጦ ከመጣ ሶፍትዌሩ መቁረጫውን ከብረቱ ውጭ ሳይሆን ከብረቱ ውስጥ እንዲሄድ ሊያዘው ይችላል። ብዙ ሶፍትዌሮች የገጹን ውጭና ውስጥ በሁለት ቀለም የሚያሳዩት ለዚህ ነው፤ ሞዴሉን በአራቱም ወገን አዙሮ ማየት የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው።

ቀዳዳ ያለበት ጥምዝ ገጽም ጥንቃቄ ይሻል። መቁረጫው ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይዘቀዝቅና ጠርዙን ይበላል። መፍትሔው ቀዳዳውን በጊዜያዊ ገጽ መክደን ነው። ክዳኑ ለብቻው በተሰየመ ምድብ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ከእውነተኛዎቹ ገጾች ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ለይቶ ማውጣት አድካሚ ነው።

ስያሜን በሚመለከት አንድ ተግባራዊ ነጥብ ማንሣት ይገባል። ተማሪዎቹ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ የሚያስቡበትን ቃል ለምድብ ስም መስጠታቸው ይደገፋል፤ «ወለል»፣ «ድንበር»፣ «ክዳን» ማለት ተከታታይ ቁጥር ከመስጠት ይሻላል። ሆኖም ወደ መኪናው የሚላከው የትእዛዝ ጽሑፍ የላቲን ፊደላትንና ቁጥሮችን ብቻ የሚቀበል ስለሚሆን፣ በፊደላችን የተጻፈ ስም ከኮምፒዩተሩ አልፎ ወደ መኪናው እንዳይሄድ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚነሡ ጉዳዮች

በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ መዋል የጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዐተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል አስገብቷል። ከላይ የተጠቀሱት የሳሙናና የጠመኔ ልምምዶች ለዚህ ደረጃ ይመቻሉ፤ ወጪ የላቸውም ማለት ይቻላል። የአውታሮቹ ስሌት ደግሞ ክብ በሚጠናበት ክፍል ለሒሳብ መምህሩ ይተዋል።

በማሠልጠኛ ደረጃ የሚያከራክረው የሰዓት ድልድል ነው። ሥልጠናው በአመዛኙ ተግባራዊ እንዲሆን መፈለጉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ «ተግባር» የሚለው ቃል መኪናው አጠገብ መቆምን ብቻ እንዲያመለክት ከተደረገ በሞዴሉ ላይ የሚውለው ሰዓት እንደ ንድፈ ሐሳብ ተቈጥሮ ይቀነሳል። ገጽ መለየት ተግባር ነው። አንድ መኪና ላላቸውና ሠልጣኞች ተራ ለሚጠብቁበት ማሠልጠኛ ይህ ትልቅ እፎይታም ነው፤ አንዱ በመኪናው ሲሠራ ሌሎቹ በኮምፒዩተሩ ሞዴል ሊያደራጁ ይችላሉ። ለሶፍትዌር የሚወጣው የፈቃድ ክፍያም ምክንያት ሊሆን አይገባም። ፍሪካድ የተባለው በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር የመቁረጫ መንገድ የሚያዘጋጅ ክፍል አለው፤ እንደ ውዶቹ ሁሉንም ባይችልም ለትምህርት ይበቃል።

የሙያ ብቃት ምዘናውም ሊታይ ይገባዋል። መዛኙ የተሠራውን ዕቃ በካሊበር ለክቶ ብቻ ካለፈ፣ በአጋጣሚ የተሳካውንና አውቆ የሠራውን ሊለይ አይችልም። ፋይሉን ከፍቶ ምድቦቹን እንዲያይ፣ ቢያንስ «ይህ ገጽ ለምን በዚህ ምድብ ገባ?» የሚል አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ቢደረግ፣ ለምዘናው የሚጨመረው ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም። መዛኙ ራሱ ይህን ለማየት መሠልጠን አለበት የሚለው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም፤ በቶርኖና በእጅ በሚሠራ ፍሬሳ የኖሩ ብዙ ብርቱ ባለሙያዎች ገጽን በጣታቸው ያውቁታል፣ በኮምፒዩተር ግን አልሠሩም። እነዚህን ሰዎች ወደ ጐን ማድረግ ኪሳራ ይሆናል። የጠመኔውን ትምህርት ከእነርሱ የተሻለ የሚሰጥ የለምና የኮምፒዩተሩን ሥልጠናም በዚያው በሚያውቁት በኩል ቢጀምሩ ይቀላቸዋል።

ስለ ፋይሎቹ አያያዝም መወሰን ያስፈልጋል። አንድ የኮምባይነር ክፍል ለአንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ በሚቀጥለው መከር ያው ክፍል በሌላ ኮምባይነር ላይ ይሰበራል። ያልተነካው ሞዴል፣ የተመደበው ቅጂ፣ የመቁረጫዎቹ ዝርዝርና የአያያዙ ፎቶግራፍ በአንድ ማኅደር ውስጥ በክፍሉ ስምና በኮምባይነሩ ዓይነት ከተቀመጡ ሁለተኛው ሥራ በሰዓታት ያልቃል። ማኅደሩ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር የብረት ብናኝ ከማይደርስበት ክፍል ቢሆን፣ ቅጂውም በሌላ ቦታ ቢኖር ይመረጣል፤ ሠልጣኙ ተመርቆ ሲሄድ ፋይሉን በኪሱ በያዘው ፍላሽ ብቻ ይዞ እንዳይሄድ ደግሞ ማስረከቢያው ላይ አንድ ዐምድ ሊጨመርለት ይገባል።